የኤሎይ ስድስት አንቀጾች

ማክሰኞ፣ መስከረም 16

ሃያ ሁለተኛው የፓተንት ሰሌዳዬ ዛሬ መጣ፤ ኩባንያው ለእያንዳንዱ የፈጠራ መብት አንድ ይሰጣል። እንደ ወንድሞቹ ጥቁር እንጨት፣ መሃሉ ላይ የነሐስ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ስሜ። ላይል ብራንድቮልድ፣ ፈልሳፊ። ምሳ ሰዓት ላይ ኬክ ተቆረጠ። አንዱ አዲስ አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ይሄኛው ደግሞ ምንድን ነው የሚሠራው?" አለኝ።

"ዲስኩ ሲሞላ የትኛው መረጃ ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ይወስናል።"

"ግሩም!" አለና ሁለተኛ ቁራጭ ኬክ አነሳ። የሰማኝ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ፔል መጣ። የኩባንያው የፓተንት ጠበቃ ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፣ ክራባቱ ግን ሳይሞላው አይቀርም። የአዲሱን ማመልከቻ ቃለ መሐላ ይዟል። አርባ ሦስት ገጽ፣ ከላዩ አንዲት ወረቀት። "እዚች ጋ" አለኝ። ፈረምኩ። ከፊርማው በላይ "አንብቤ ተረድቻለሁ" ይላል። ሁልጊዜም እንደዚያ ይላል። እዚህ ሕንጻ ውስጥ ግን አንብቦ የፈረመ ሰው አላውቅም። ጠበቆቹ የነገርናቸውን ይወስዱና የእኛ መሆኑን እንዳናውቅ አድርገው ይመልሱልናል። ፊርማው እንግዲህ የመተማመን ጉዳይ ነው... ወይም የስንፍና።

ሰሌዳውን ጋራዥ ወሰድኩት። ሃሪየት ሳሎን ውስጥ ከስድስት በላይ እንዳይሰቀል ከልክላለች። "እንግዳ ሲመጣ የጥርስ ሐኪም ቤት የገባ ይመስለዋል" ትላለች። ከሠላሳ አራት ዓመት ትዳር በኋላ ሚስት ስትናገር አይከራከሩም።

ደክሞኛል። ተኝቼ የሚለቀኝ ድካም አይደለም።


ዓርብ፣ መስከረም 19

"ሚስተር ብራንድቮልድ፣ ትንሽ ችግር አለ።" ፔል ነው፣ በሩን ሳይዘጋ። የኤሎይን ፊርማ ማግኘት አልቻለም።

ኤሎይ ታፎያ ሐምሌ ላይ ኮኔሆስ ወንዝ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ ልቡ ቆመ። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቢሮ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠናል። አዲሱ ማመልከቻ የሁለታችን ነው። ፈልሳፊ ሲሞት የውርስ አጣሪው በስሙ ይማልለታል፣ ሕጉ ይህ ነው። አጣሪዋ ሚስቱ በርናዴት ናት። ፔል ወረቀቱን በፖስታ ላከላት። ሳትፈርም መለሰችለት።

"የፓተንት ቢሮው እስከ ጥቅምት ሠላሳ ነው የሰጠን" አለ። "እምቢ ካለች ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን የይገባኛል አንቀጾች እንሰርዛለን። የሚስተር ታፎያ ድርሻ እነሱ ብቻ ናቸው። እነሱ ሲወጡ ስማቸውም ይወጣል። ንጹሕ ሥራ ነው።"

"ንጹሕ?"

"ብቸኛው ፈልሳፊ እርስዎ ይሆናሉ።" እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት ጥቂት ነው የቀረው።

የማይሠራ ነገር ብቸኛ ፈልሳፊ... ያምራል።

እስቲ አንዴ በቀላል ቋንቋ ለራሴ ልጻፈው። ፓተንት ያመለከትንበት ሳጥን ውሸታም ነው። የባንኮችና የጡረታ ድርጅቶች አሮጌ ትልልቅ ኮምፒውተሮች መረጃ ከሚቀመጥበት የማግኔት ቴፕ በቀር ማንንም አያምኑም። ሠላሳ ዓመት ቴፕ ላይ ሲጽፉ፣ ከቴፕ ሲያነቡ ኖረዋል። ቴፕ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። እኔ በዲስክ የተሞላ ሳጥን መሃል አስገባሁና "ቴፕ ነኝ" እንዲላቸው አደረግኩ። ኮምፒውተሩ "ወደ መጀመሪያው አጠንጥን" ሲለው የሚጠነጠን ነገር ስለሌለ ወዲያው "ጨረስኩ" ይላል። ኮርቼበት ነበር። መጀመሪያ የገዛን የጡረታ ድርጅት ላይ ስንተክለው ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ማንም ምክንያቱን አላወቀም። ያገኘው ኤሎይ ነው።

"ላይል፣ በጣም ፈጠንክ" አለኝ። "አባቴ ድንች ሲሸጥ ዋጋ ሲጠይቁት መጀመሪያ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። ዋጋውን ሳያውቀው ቀርቶ እኮ አይደለም።"

ሳጥኑ ሰማይ እንዲያይ አደረገው። መቼ እንደሚቆይ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ መቼ መቆየት እንደማያስፈልገው። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት የተጻፈው ያ ነው። ያለ እሱ የእኔ ክፍል ፈጣን ብልሽት ነው።

ሳጥኑ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። የምንሠራው ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው። ከኤሎይ ሥራ ስሙ ተጽፎ የሚቆይበት ቦታ ያ ወረቀት ብቻ ነው።


ሰኞ፣ መስከረም 22

ለበርናዴት ደወልኩ። ከቀብሩ በኋላ ወደ ትውልድ መንደራቸው፣ አንቶኒቶ፣ ተመልሳለች።

"ለወረቀቱ ከሆነ አልፈርምም።"

"ምነው?"

"ምን እንደሚል አንብበኸዋል?"

"የተለመደው ነው እኮ።"

"ሃያ ስድስት ዓመት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበርኩ፣ ላይል። 'የተለመደው ነው' እያሉ እጃቸውን አንስተው የሚምሉትን ብታይ... አንብቤ ተረድቻለሁ ብዬ እንድምል ነው የምትፈልጉት። አነበብኩት። ሁለቴ። አልገባኝም።"

"ማንም አይገባውም።"

"እንግዲያው ማንም አይማል።"

መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ለፔል ነገርኩት። "አልገባኝም? ምክንያቷ ይሄ ነው?" አለ። የሕግ ትምህርት ቤት ለዚህ አላዘጋጀውም።


ሐሙስ፣ መስከረም 25

ፔል ስረዛውን አዘጋጅቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧል። አንድ ገጽ ተኩል። ሰው ለማውጣት ብዙ ቀለም አያስፈልግም።

ዝም ብል ምን ይሆናል? ምንም። ሃያ ሦስተኛ ሰሌዳ። ኬክ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 4

አንቶኒቶ ነኝ፣ ሞቴል ውስጥ። አልጋው መሃሉ ገብቷል። አምስት ሰዓት ነዳሁ። ፖንቻ የተራራ መተላለፊያ ላይ ዛፉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ሃሪየት አብራኝ ብትሆን አቁም ትለኝ ነበር። አላቆምኩም። ሸለቆው ውስጥ የድንች አዝመራ ነው። ከፊቴ ከሚሄደው መኪና አንድ ድንች ተንከባሎ ወርዶ መብራቴን ሰበረው። ኤሎይ ቢሰማ አገሬ ተቀበለችህ ይለኝ ነበር።

በርናዴት ጸጉሯን አሳጥራዋለች። ሰላም ካለችኝ በኋላ ምንም ሳትናገር የአረንጓዴ ቃሪያ ወጥ በጎድጓዳ ሳህን ሞልታ አቀረበች። እኔ የሰሜን ዳኮታ ኖርዌጂያዊ ነኝ። ጨው ቅመም ነው ተብዬ ያደግኩ። በሦስተኛው ጉርሻ እንባዬ ወረደ።

"ለእሱ ነው ወይስ ለቃሪያው?"

"ለቃሪያው።"

"ጥሩ" አለች፤ ውሃ አቀበለችኝ።

ከዚያ ሳትመልስ ያስቀረችውን አርባ ሦስት ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ጠርዝ ጠርዙ ሁሉ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ነው።

"በል፣ በሰው ቋንቋ ንገረኝ። ምንድን ነው ይሄ?"

"የሌለ ቴፕ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያለ ይመስለዋል።"

"ውሸት ነው ማለት ነው።"

"አዎ።"

"ባሌ አሥራ ሰባት ዓመት ለውሸት ነው ከቤት የጠፋው?"

"የመጨረሻዎቹን አራት ዓመት ብቻ። ከዚያ በፊት እውነተኛ ቴፕ ነበር።"

መጀመሪያ አልሳቀችም። ኋላ ግን አመለጣት፣ አፏን በመሃረብ ሸፈነች። መሃረቡን ስታወርድ ሳቁ አልነበረም።

"ማታ ከሥራ ይመጣ ነበር" አለች። "መኪናውን በር ላይ ያቆማል። ሞተሩን ያጠፋል። አይገባም። ቁጭ ይላል እዚያው፣ ጨለማ ውስጥ። በመስኮት አየዋለሁ። ምን እያሰብክ ነው ስለው 'ምንም' ይለኛል። ቴፓችሁን ነበራ! ገና ቤቱ ሳይገባ እናንተ ዘንድ ተመልሷል። ወደ ሚስቱ መግባት የከበደው ሰው... በዚህ ላይ ነው ማይልኝ የምትለኝ?"

ወጡን ጨረስኩ። ቅጣት ይሁነኝ ብዬ ጨመርኩ።

"አንተ ራስህ አንብበኸዋል?"

"አዎ።"

አተኩራ አየችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ምስክር ስታይ የኖረች ሴት ናት።

"ቶሎ መለስክ" አለች።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ና፣ አብረን እናነባለን ብላኛለች። ለምን እሺ አልኩ? ቅዳሜና እሑድ የማርፍባቸው ቀኖች ነበሩ።


እሑድ፣ ጥቅምት 5

እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ከአንድ ቋንቋ ወደዚያው ቋንቋ።

"'የተጠቀሰው ዘዴ፣ በተጠቀሰው መሣሪያ አማካይነት፣ የተጠቀሰውን ትእዛዝ...' ማን ነው የጠቀሰው?"

"ጠበቃው።"

"ለማን?"

"ለሌላ ጠበቃ።"

አሥረኛው ገጽ አካባቢ እርሳሷን አስቀመጠች። "ቆይ። ዳኛችን ዓርብ ዓርብ ዓሣ ለማጥመድ ይጠፉ ነበር። ባለጉዳይ ሲመጣ 'ቢሮ ውስጥ ናቸው፣ ፋይል እያዩ ነው' እላለሁ። ሳጥናችሁ ይሄን ነው የሚሠራው?"

"በትክክል።"

"ግን እንደ ጠየቁኝ አልመልስም። ወደ ውስጥ እገባለሁ። ትንሽ ቆይቼ እወጣለሁ። ከዚያ ነው የምናገረው።"

"ሰባተኛው አንቀጽ ይኸው ነው" አልኳት። ደስ አላት። እኔም ሳላስበው ደስ አለኝ። ይህን ነገር ለአለቆች፣ ለደንበኞች፣ ለሃሪየት እህት ባል ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ... "ገባኝ" ያለኝ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ሠላሳ አንደኛው ገጽ። ከ"የተጠቀሰው" መዓት መሃል እንዲህ የሚል ተገኘ፦

"አሮጌው ፕሮግራም ቴፑ እስኪጠነጠን ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ራሱን ያሰናዳል። በሩ ቶሎ ከተከፈተበት ልብሱን ሳይለብስ ይገኛል። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰው ይቆይለት።"

አቆመች። ዝቅ ባለ ድምፅ እንደገና አነበበችው።

"ይሄ ጠበቃው አይደለም።"

"አይደለም።"

"ኤሎይ ነው።"

ኤሎይ ነው። መጀመሪያ ለጠበቆቹ በሰጠው ማብራሪያ ውስጥ የነበረ መሆን አለበት። ፔል ማበላሸት ረስቶታል።

ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። የኤሎይ ፒክአፕ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል።

"ከሥራ ስገባ ሰው እንዲያናግረኝ አልፈልግም ነበር" አለች። "ጫማዬን እስካወልቅ፣ ፊቴን እስክታጠብ... ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮኽብኝ ነው የምውለው። ከኔ ኋላ ትንሽ ቆይቶ ነበር የሚደርሰው። መብራት ሳበራ ያየኛል።" ዞረች። "ለዚያ ነበር እንዴ?"

አላውቅም። ከሦስት ዓረፍተ ነገር ሰው አይነበብም። ምናልባት ሬዲዮ ላይ ቤዝቦል እየጨረሰ ይሆናል። ኤሎይ ቤዝቦል ይወድ ነበር... ይህን አላልኳትም። "አላውቅም" ብቻ አልኳት። ይህ እንኳ ቶሎ አልወጣልኝም።

ወደ አንቀጾቹ ደረስን። ዘጠነኛው ላይ እኔ ራሴ ቆምኩ። "መቆየቱ ተጠቃሚው ቴፕ ያለ እንዲመስለው ለማድረግ ብቻ ነው" ይላል። ለማስመሰል! የኤሎይን ሐሳብ ገልብጦታል፤ እሱ የሚያስቆየው ፕሮግራሙ እስኪሰናዳ ነው። በዚህ ላይ ማንም ተፎካካሪ በሁለት ቀን ዞሮት ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ... ኤሎይ ይህን አላለም።

"ምን ሆንክ?"

"ስህተት ነው።"

"ፈርመህበታል።"

"ፈርሜበታለሁ።"

"ላይል፣ መሐላ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።" አሁን ነው ያወቅኩት።

ገጾቹን ሰብስባ አስተካክላ ሰጠችኝ። "አስተካክላችሁ አምጡት። ያኔ እፈርማለሁ። ባላለው ነገር ላይ ስሙን አላኖርም።"


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

"አነበቡት?" አለኝ ፔል። ታምሜያለሁ ያልኩት ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዘጠነኛውን አሳየሁት። ማመልከቻው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ አዲስ ነገር አይጨመርም አለኝ። አዲስ አይደለም፣ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ አለ አልኩት። ገለጠ። አነበበ። ጆሮው ቀላ።

"ይሄ እንዴት አመለጠኝ?"

"ስህተቱ?"

"ዓረፍተ ነገሩ። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር እኔ ጽሑፍ ውስጥ..." በጣም አዝኗል። ልጁን ዛሬ ወደድኩት።

ግን አለቃው ስረዛውን ይመርጣል። ከማስተካከል መሰረዝ ይቀላል፣ ቀኑም እየደረሰ ነው።

"ለአለቃህ ንገረው" አልኩት፣ "ስድስቱ ከወጡ እኔም በአዲሱ ወረቀት ላይ አልምልም። ብቸኛ ፈልሳፊ አይደለሁም። መሐላ ማንበብ ጀምሬያለሁ።"

ይህን ያህል ስናገር ራሴን ሰምቼ አላውቅም። ፔል ክራባቱን ነካካ። "ጊዜ ይፈጃል" አለ። ይፍጅ አልኩት። በዚህ ዕድሜ ጀግንነት ለመገጣጠሚያ ጥሩ አይደለም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ምንም። ግማሹ ቢሮ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ሄዷል። ፔልም ሄዷል። ፔልና ጠመንጃ... ማሰብ አልፈልግም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 24

የተስተካከለው ወጣ! ዘጠነኛው አሁን ኤሎይ ያለውን ይላል፣ በጠበቃ አፍም ቢሆን። ነገ ጠዋት እነሳለሁ። ውጭ በረዶ ጀምሯል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

በረዶው የጋራዡን እጀታ ውጦታል። መንገድ ሁሉ ተዘግቷል። መኪኖች አውራ ጎዳና ላይ እንደ ቆሙ ቀርተዋል ይላል ሬዲዮው።

"በፖስታ ላከዋ" አለች ሃሪየት።

"ፖስታው በየት ይሄዳል?"

"አንተስ በየት ትሄዳለህ?"

አካፋ አንስቼ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ዛቅኩ። ወገቤ የራሴ አይደለም። የጠረግኩት ላይ ነፋሱ መልሶ ከመረበት። የፓተንት ቢሮው ለበረዶ ቀን አይጨምርም፣ ፔል ደውሎ አጣርቷል።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28

መንገዱ ተከፈተ። ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ፖንቻ ላይ ሁለቴ ተንሸራተትኩ፣ ሁለተኛው ላይ ጸለይኩ። ከልጅነቴ ወዲህ አላደረግኩትም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የጸለይኩት ለወረቀቱ ነበር።

በርናዴት መነጽሯን አድርጋ አርባ ሦስቱን ገጽ ከመጀመሪያው አነበበች። ዘጠነኛውን ሦስቴ። አላቋረጥኳትም። ቃሪያው እሳት ላይ ይንተከተካል።

"ገብቶኛል" አለች። ብዕሯን አወጣች።

ሕጉ ከስሙ ጎን "ሟች" ተብሎ እንዲጻፍ ያዛል። ኤሎይ ታፎያ፣ ሟች፣ በበርናዴት ታፎያ በኩል። ስሙን ጻፈች። ከዚያ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። የቀለም ነጥብ እየሰፋች ሄደች።

"ይህን ቃል ጽፌው አላውቅም" አለች። "ለባንኩ፣ ለመብራቱ፣ ለሁሉም እህቴ ናት የጻፈችልኝ። መጀመሪያ የላካችሁትም..." አልጨረሰችውም።

"እኔ ልጻፈው?"

"አንተማ ሳታነብ ነው የምትጽፈው።"

ጻፈችው። የሬጅስትራር እጅ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ፊደል ያልተንጋደደ። ፈረመች። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና ምድጃው ጋ ሄዳ ወጡን ማማሰል ጀመረች። ማማሰል አያስፈልገውም ነበር። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ስከት ጊዜ ወሰድኩ።


እሑድ፣ ኅዳር 23

የፓተንት ቢሮው ቃለ መሐላውን ተቀብሏል። ስድስቱም አንቀጾች አሉ። ሁለት ስም። ታትሞ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ይፈጃል ይላል ፔል። ኤሎይን የማያውቁ ሰዎች ስሙን በደንብ ሳያነቡት ያልፉታል። እንደዚያ ነው የሚሆነው። ግን ይኖራል።

ከምሳ በኋላ በርናዴት ደወለች። ለድንቹ ላመሰግናት ነበር፣ አንድ ጆንያ ልካልናለች። አላስጨረሰችኝም።

"ቤተ መጻሕፍቱን ሌላውን ፓተንትህን አስመጡልኝ ብያቸው መጣ። አራተኛውን።"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"እዚህ ክረምቱ ረጅም ነው። ስማ፣ ስድስተኛው ገጽ ላይ ጠፋሁ። መንታ ቅጂው የት ነው የሚቀመጠው?"

ማስታወስ ሞከርኩ። በአስር ዓመት ውስጥ ስለዚያ ነገር የጠየቀኝ የለም። ከዚያ በፊትም የለም።

"አላውቅም፣ በርናዴት።"

"ያንተ አይደል እንዴ?"

"የኔ ነው።"

"እንግዲያው አንብብና ደውልልኝ።"

ጋራዥ ገብቼ ሳጥኖቹን አገላብጬ አገኘሁት። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ሃሪየት ከመጽሐፏ ቀና አለች።

"ምንድን ነው የምታነበው?"

"የራሴን።"

"እንዴት ነው?"

"ጸሐፊው ያሰለቻል። ፈልሳፊው ግን የሆነ ነገር ለማለት የፈለገ ይመስለኛል።"

ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። እርሳስ አምጪልኝ አልኳት።